ፎገራ ላይ ፌቆ ስቆጥር

ሥራ የጀመርኩ ዕለት ወረታ መገንጠያ ላይ ከአንድ ትሬንታ ኳትሮ የጭነት መኪና ላይ ወረድኩ። ዘመኑ የሃምሳዎቹ መጨረሻ ነው። የያዝኩት አንድ የካኪ ኮት፣ አንድ ፊሽካ፣ አንድ የሩቅ ማያ መነጽርና አንድ ከዘራ ነበር። ኮቱን ጎንደር ላይ የሰጡኝ አለቃዬ ግራዝማች አድማሱ «ይህን ስትለብስ መንግሥት ነህ» ብለውኛል። ስለዚህ የመስከረም ፀሐይ አናት እየበሳ እኔ እስከ አንገቴ ቆልፌዋለሁ።

ከዛፍ ጥላ ሥር የተቀመጡ ሰዎች ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ።

«ጌታው፣ ጠመንጃዎ የት ቀረ?» አለኝ አንዱ።

«ጠመንጃ አልተሰጠኝም።»

«ምን ሊሠሩ መጡ ታዲያ?»

«ፌቆ ልጠብቅ።»

ሰውዬው ወደ ጓደኞቹ ዞረና «እንግዲያማ ፌቆዋ ትጠብቃቸው!» አለ። ሳቁ እስከ ገበያው ተሰማ። እኔ ቁጡ ሰው ነኝ፤ ደሜ ፈላ። ግን በዚያ ዘመን በእኛ አገር በግ የሚያግድ ሰው እንኳ ምንሽር አንግቶ ነበር የሚውለው። ትንሽ ቆይቼ እኔም ሳቅኩ።

የአራዊት ጥበቃ ሥራ ያን ጊዜ ገና አዲስ ነበር። ማዕረጉም አጭር ነው፤ ከላይ ተቆጣጣሪ፣ ቀጥሎ ዋና ጠባቂ፣ ከሁሉም በታች ጠባቂ። እኔ ከሁሉም በታች ነበርኩ። የሥራ ጓደኞቼ አንዱ ዋልያ፣ አንዱ ዝሆን፣ አንዱ አንበሳ ይጠብቃል። ጎንደር ስንገናኝ ወሬያቸው አይቻልም። ለእኔ የደረሱኝ ትንንሾቹ ናቸው፤ ፌቆ፣ ጥንቸል፣ በጉማራና በርብ ወንዝ ዓሣ እያሳደደች የምትኖረው አቆስጣ። «ከጉልበት በታች ያለው ሁሉ የይርጋ ነው» እያሉ በስሜ ይቀልዱብኝ ነበር።

ፌቆን አይተው ለማያውቁ ልንገር። ከፍየል የምታንስ፣ ቅልጥመ ቀጭን፣ መልኳ ዳማ የሆነች የሜዳ አውሬ ናት። ቀንድ ያለው ወንዱ ብቻ ነው፤ እሱም አጭርና ቀጥ ያለ። አደጋ ስትሰማ ቶሎ አትሮጥም። አንገቷን ዘርግታ ሳር ውስጥ ትለጠፋለች። ልትረግጣት ስትደርስ ተፈትልካ ትነሳና በአፍንጫዋ እያፏጨች፣ አራቱንም እግር በአንድ ጊዜ ከመሬት እያነሳች ትዘላለች። ጥቂት ከራቀች በኋላ ግን ቆም ትልና ዞራ ታይሃለች። ይህ ዞሮ የማየት አመሏ ነው ያስጨረሳት። አዳኝ የሚጠብቀው ያችን ቅጽበት ነው።

የግራዝማች ትእዛዝ ግልጽ ነበር።

«ፎገራ ላይ ፌቆ አለች የሚል አለ፤ አልቃለች የሚልም አለ» አሉኝ። «ከከተማ በመኪና እየመጡ ማደን የሚፈልጉ ሰዎች ፈቃድ ጠይቀውናል። መኖሯ ከተረጋገጠ ሜዳውን ለአዳኝ እንዘጋዋለን፤ አንተም እዚያው ትቆያለህ። የለችም ከተባለ ግን ለዳክዬና ለጥንቸል ፈቃድ እንሰጣለን፤ አንተንም ወደ መተማ ቆላ እንልክሃለን።»

«የዳክዬ ፈቃድ የያዘ ሰው ፌቆ ብትነሳበት ይምራታል እንዴ፣ ግራዝማች?»

«ለዚህ አይደል የምንልክህ! ደግሞ አንተ አየሁ ማለትህ አይበቃኝም። የአገሬው ሰው በራሱ አፍ አለች ይበለኝ። ነገ የሚያኖራትም የሚያጠፋትም እሱ ነው።»

መተማን አልፈልግም ነበር። ወባውን ፈርቼ ብቻ አይደለም። ወረታ በገባሁ በሳምንቱ አገሩን ወድጄው ነበር፤ ገበያውን፣ የመንገደኛውን ጫጫታ፣ ከሁሉም ይልቅ ክረምቱ ሲወጣ ውሃው እየሸሸ የሚገለጠውን ያን ለምለም ሜዳ።

ሜዳውን ማሰስ የራሱ ወግ አለው። በማለዳ ትወጣለህ። ነፋሱን በፊትህ ትቀበላለህ፤ ከኋላህ ከመጣ ጠረንህ ቀድሞህ ይደርሳል። ዓይንህን ከሩቁ በፊት እግርህ ሥር ትጥላለህ። ኮቴ፣ በጠጥ፣ ተኝታበት የተጨፈለቀ ሳር። እስከ ጉልበቴ ጭቃ ውስጥ እየገባሁ ሦስቱንም አገኘሁ። ራሷን ግን አላየኋትም። ጭራዋ እልም ሲል ብቻ አንድ ሁለቴ ያየሁ መሰለኝ፤ ጥንቸልም ልትሆን ትችላለች።

ስለዚህ ሰው ልጠይቅ ሄድኩ። ቁሐር ሚካኤል አጠገብ ያለች የአንዲት መንደር ጭቃ ሹም አያ ውበቱ የሚባሉ ረጅም ሽማግሌ ነበሩ። መንግሥት የሚጠይቀውን ሁሉ ስለ መንደሩ ሆነው የሚመልሱት እሳቸው ናቸው። አቀባበላቸው ወደር የለውም። አጎዛ አስነጥፈው፣ ጠላ አስቀድተው፣ ስለ ወላጆቼ ጤና ጠይቀው ሲጨርሱ ወደ ጉዳዬ ገባሁ።

«አያ ውበቱ፣ በዚህ አገር ፌቆ አለች?»

«ፌቆ?» አሉና ግንባራቸውን ቋጠሩ። «ምን ዓይነት ናት እሷ ደግሞ?»

«ከፍየል የምታንስ፣ ዳማ፣ ሳር ውስጥ የምትተኛ።»

«አሃ! አባቴ ሲያወሯት ሰምቻለሁ። እኔ ግን በዓይኔ አላየኋትም።»

ከኪሴ ከሜዳው የለቀምኩትን በጠጥ አውጥቼ መዳፋቸው ላይ አኖርኩት። አገላብጠው አዩት። አሸተቱት።

«የፍየል ነው» አሉ።

«ፍየል አላችሁ?»

አያ ውበቱ ፍየል የሚለውን ቃል ከመንግሥት ሰው አፍ ሲሰሙ ፊታቸው ተለወጠ። «ኧረ የለንም! ፍየል ከየት አምጥተን!»

«ታዲያ የማን ፍየል ነው?»

«መንገደኛ ነጋዴ የነዳት ትሆናለች» አሉኝ፣ ቅንድባቸው ሳይነቃነቅ። ይህን ሲሉ ከጓሮ በኩል አንዲት ፍየል እምቧ... ይቅርታ፣ ፍየል እምቧ አትልም፤ ደጋግማ ጮኸች። አያ ውበቱ ጠላዬን ሞሉልኝ።

ሌላውም ቤት እንደዚያው ሆነ። ባሎች ሚስቶቻችን ይወቁ አሉ፤ ሚስቶች ባሎቻችንን ጠይቅ አሉ። አንድ ቄስ «ፌቆ በመጽሐፍ አለች፤ በፎገራ ግን የለችም» ብለው አሰናበቱኝ።

ወረታ የምኖረው እትዬ ብርቄ የሚባሉ ጠላ ሻጭ ቤት ተከራይቼ ነበር። የተወለዱት እዚያው አያ ውበቱ መንደር ነው። አንድ ቀን ጭቃዬን እየፋቅሁ ስማረር ሰምተው ወገባቸውን ይዘው ቆሙ።

«አይ አንተ ልጅ! እንዲያው ምን ሞኝ አደረገህ? ዓምና አንድ ባለ ኮት መጣ። ከብት ልቁጠር አለ። እሱ ቆጥሮ ሲሄድ ግብሩ ተከትሎት መጣ። ቀጥሎ ሌላ ባለ ኮት መጣና መሬት ልለካ አለ። አሁን ደግሞ አንተ ፌቆ ልቁጠር ትላለህ። የንጉሥ አውሬ ያለበት መሬት የንጉሥ ነው ተብለው ከርስታቸው ቢነቀሉስ?»

«እኔ እኮ ልጠብቃት ነው የመጣሁት፣ እትዬ።»

«እነዚያስ መቼ ልንጎዳችሁ ነው ብለው መጡ?»

በዚህም አላበቁም። «ኮትህን አውልቅ» አሉኝ። «ነገ ወንድሜ ቤት የሳር አጨዳ ደቦ አለ። ማጭድ ይዘህ ከእኔ ጋር ትሄዳለህ። አፍህን ትይዛለህ።»

ኮቱን ምስማር ላይ ሰቅዬ ሄድኩ። እኔም የገበሬ ልጅ ነኝ፤ ማጭድ አያሳፍረኝም። ደቦው ተሰልፎ ከሜዳው ጥግ ሲነሳ መሐል ገባሁ። «ዛሬስ መንግሥትን ሳር አሳጨድነው!» አለ አንዱ ጎረምሳ። ያጨደውን ነዶ እየጣለ ያየኝ ሁሉ ይስቃል። እኔም ጎንበስ ብዬ አጨድኩ። ፀሐይ ከፍ ስትል ሸሚዜን አወለቅኩ፤ ከዚያ በኋላ ማንም ጌታው ብሎ አልጠራኝም።

ከቀትር በኋላ የሜዳው መሐል ደረስን። አንድ አውድማ የሚያህል ሳር ቆሞ ሰልፉ ለሁለት ተከፍሎ አለፈው። እኔ አላወቅኩም። ማጭዴን እንደያዝኩ ቀጥ ብዬ ስገባ አያ ውበቱ ከወዲያ ዳር «ተው! በዚያ አትሂድ!» ብለው ጮኹ።

«ምነው?»

«እባብ አለ።»

አጠገቤ ያለው ጎረምሳ በተመሳሳይ ሰዓት «ማጭዳችን ደንዞ ነው የተውነው» አለ። የእትዬ ብርቄ ወንድም ደግሞ ከኋላ «የስለት ሳር ነው፤ ለሚካኤል የተሳለ» አለ። ሦስቱ እርስ በርስ ተያዩ።

ቀና ብዬ ሜዳውን ዙሪያውን አየሁ። በተጨደው ሳር መሐል እዚህም እዚያም እንደዚያው ያለ የቆመ ሳር አለ። የየጎረቤቱ ማጭድ ሁሉ ተማክሮ አይደንዝም። እባቡም ለየማሳው አንድ አንድ ተከፋፍሎ አይደርስም። ገባኝ። በደስታ ልጮህ ትንሽ ቀረኝ፤ ግን እትዬ ብርቄ ከጠላ እንስራቸው አጠገብ ሆነው ዓይናቸውን አፍጥጠውብኛል። አፌን ያዝኩ። ዞሬ ከሌሎቹ ጋር ማጨዴን ቀጠልኩ።

ጀምበር ስታዘቀዝቅ ሥራው አልቆ ነዶ ላይ ተቀምጠን ስንጠጣ ከሜዳው ጥግ አንዲት ፌቆ ብቅ አለች። ቆም፣ ራመድ፣ ቆም እያለች ወደዚያ ሳር መጣች። ስትደርስ ሳሩ ውስጥ ሁለት ጆሮዎች ቀጥ አሉ። ቀጥሎ መቆም በቅጡ ያልቻለ ግልገል ተነስቶ ሆዷ ሥር ገባ። እንባዬ መጣ፤ ለምን እደብቃለሁ? እንዲያ ያለ የሚያምር ነገር ከዚያ በፊት አላየሁም ነበር። አጫጆቹ ይህን ሳር የሚተዉት ለግልገሏ መደበቂያ ኖሯል።

ዞር ስል አያ ውበቱ ያያሉ። ፌቆዋን አይደለም፣ እኔን።

«ምን አየህ?» አሉኝ ቀስ ብለው።

«እባብ» አልኳቸው።

«ትልቅ ነው?»

«ጆሮ አለው።»

አያ ውበቱ የያዙት ጠላ እስኪፈስ ድረስ ሳቁ። የእትዬ ብርቄ ወንድም ምን ተባለ እያለ ቢጠይቅም አልነገሩትም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሜ «ልጅ ይርጋ» ሆነ።

ደቦውን አላቋረጥኩም። ሳሩ አልቆ የጓያ ዘር ሲመጣም ሄድኩ። ጭቃ ውስጥ የዋለ ጉልበቴ ሲጠዘጥዘኝ አያ ውበቱ «የእኔም እንዳንተ ነው፤ ወንዛዬ ፍል ውሃ እንውረድ» አሉኝ። ፍል ውሃው ውስጥ እስከ አንገታችን ተዘፍዝፈን ተቀመጥን። እዚያ ኮት የለበሰ ሰው የለም፤ ጨዋታውም ይቀላል።

«እንዲያው ብትቆጠር፣ ከተቆጠረች በኋላ ምን ትሆናለች?» አሉኝ።

«አዳኝ እንዳይነካት ሜዳው ይዘጋል።»

«መሬቱስ?»

«መሬቱማ የእናንተው ነው።»

«በማን ቃል?»

ግራዝማችን ይህን ጠይቄያቸው አላውቅም። በእኔ ቃል እንዳልል ደግሞ እኔ ከሁሉም በታች ነኝ። አያ ውበቱ ውሃውን በመዳፋቸው እየዘገኑ ትከሻቸው ላይ አፈሰሱ። «አየህ ልጄ፣ አንተን አምኜሃለሁ። ኮትህን ግን ገና አላመንኩትም» አሉኝ። ትክክል ነበሩ።

ኅዳር አጋማሽ ላይ ግራዝማች አድማሱ በላንድሮቨር መጡ። ያየሁትን ሁሉ ነገርኳቸው። «ዓይንህን አምናለሁ» አሉኝ። «ግን የነገርኩህን ታውቃለህ። የሕዝቡን ቃል እሰማለሁ። የለችም ካሉኝ ለሌለች አውሬ ብዬ ሜዳ አልዘጋም። ዕቃህን አዘጋጅተህ ጠብቀኝ።» ሌሊቱን ሳልተኛ አደርኩ ብዬ አላጋንንም፤ ተኝቻለሁ። ግን ጠዋት ተነስቼ ዕቃዬን አሰርኩ።

መንደርተኛው ከመንደሩ ዳር ካለው ሾላ ሥር ተሰበሰበ። ካባ ለባሹ ግራዝማች በርጩማ ላይ ተቀመጡ። አያ ውበቱ ጋቢያቸውን አጣፍተው ፊት ቆሙ።

«ጭቃ ሹም፣ በዚህ ሜዳ ፌቆ አለች ወይስ የለችም?» አሉ ግራዝማች።

አያ ውበቱ አንድ ጊዜ አዩኝ። ዓይናቸው ውስጥ ኀዘን ነበር። «ወሬዋን እንሰማለን፣ ጌታዬ» አሉ። «እሷን ግን አላየንም።» ሕዝቡም አላየንም፣ አላየንም አለ። መተማ ታየኝ።

በዚህ መሐል የላንድሮቨሩ ነጂ መኪናውን ወደ ጥላ ሊያስጠጋ ተነሳ። ላሞች መንገድ ዘጉበት። ጡሩምባውን ነፋው። ጡሩምባው ሲጮህ ከሾላው ሃያ እርምጃ እንኳ ከማይርቅ ከአንድ የቆመ ሳር ውስጥ አንዲት ፌቆ ተፈተለከች። እያፏጨች፣ እየዘለለች በላሞቹ መሐል፣ በመኪናው ፊት፣ በግራዝማች ፊት አለፈች። ጥቂት ራቅ አለችና እንደ አመሏ ቆማ ዞረች። እኛን ሁላችንን አየችን። እኛም አየናት።

ግራዝማች ቀስ ብለው ወደ አያ ውበቱ ዞሩ። «ይቺስ?»

«ይቺ?» አሉ አያ ውበቱ። «ይቺማ እንግዳ ናት። ከጉማራ ማዶ፣ ከደራ የመጣች።»

የግራዝማች ጺም ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ተቆጥተው መስሎኝ ነበር፤ ሳቃቸውን እየዋጡ ኖሯል።

«እንግዳ ከሆነች ማን አሳደራት?»

«እኛ ነና! ደጃችን የመጣ እንግዳ ሜዳ ያድራል እንዴ?»

«እንግዳችሁን አዳኝ መጥቶ ልግደል ቢልስ?»

አያ ውበቱ ቀና አሉ። በዚያች ቅጽበት ጨዋታው ከፊታቸው ጠፋ። «እኛ ሳንሞት? እንግዳ አሳልፎ የሚሰጥ ሰው በዚህ አገር የለም።» ከኋላቸው የቆመው ሕዝብ አጉረመረመ። ቀጥለው ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁ። «እኔም አንድ ልጠይቅዎ፣ ጌታዬ። እንግዳ ያረፈበት ቤት የእንግዳው ይሆናል?»

ግራዝማች እኔን አዩኝ፣ ሜዳውን አዩ፣ በየማሳው የቆመውን ሳር አዩ። የተጠየቁት ምን እንደሆነ ገብቷቸዋል።

«አይሆንም» አሉ። ቆመው፣ ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብለው ደገሙት። «እንግዳ የባለቤቱን ቤት አይወስድም። ከእንግዳው ጋር የመጣም ባለ ኮት አይወስድም። መሬቱ የእናንተ ነው። እንግዳዋ አደራችሁ ናት። ሜዳው ለአዳኝ ተዘግቷል።»

«ቃልዎ ነው?»

«ቃሌ ነው።»

እልልታው ከሴቶቹ ተነሳ፤ መጀመሪያ ያቀለጡት እትዬ ብርቄ ነበሩ። አያ ውበቱ ጋቢያቸውን አስተካከሉና «እንግዲያውስ፣ ጌታዬ» አሉ፣ «ሌሎችም እንግዶች አሉ።»

ከዚያ በኋላ ማን ያስቁማቸው! «እኔ ማሳ ሁለት እንግዳ አለ!» «የእኔ ባለ ግልገል ናት!» «እሱን አትስሙት፣ የእሱ እንግዳ የምታድረው እኔ ዘንድ ነው!» ወንድማማቾች በአንዲት ፌቆ ሊጣሉ ደረሱ። እነዚያ ቄስ እንኳ በቤተ ክርስቲያኑ ጓሮ አንድ ባለ ቀንድ እንግዳ እንዳለ ተናገሩ። ግራዝማች እጃቸውን አንስተው በሳቅ እየፈሰሱ «ኧረ በቃችሁ!» አሉ። «ሁሉም ከደራ ከመጣ ደራ ባዶዋን ቀረች በሉኛ!»

እኔ መተማ አልሄድኩም። ጡረታ እስክወጣ ሥራዬን የሠራሁት እዚያው ነው። ዋና ጠባቂም ሆንኩ፤ ጠመንጃም ተሰጠኝ፤ ግን አብዛኛውን ጊዜ እትዬ ብርቄ ቤት ከኮቱ ጎን ተሰቅሎ ነው የኖረው።

በዓመቱ፣ ክረምቱ ወጥቶ ውሃው ሲሸሽ፣ አያ ውበቱ ገበያ መጥተው ደጄ ላይ ቆሙ። ያን ያህል መንገድ ጭቃ ረግጠው ሲመጡ የሚሸጥም የሚገዛም አልያዙም። አልገባም አሉ። ወዲያ ወዲህ አይተው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«እንግዳዋ ወልዳለች።»

«እሰይ! ሌሎቹስ?»

«እነሱም አላቸው። ስንት እንደሆኑ እንጃ» አሉና ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። «እሱን አንተ መጥተህ ቁጠር።»

ለእናንተ ይህን ሥራ ለምትጀምሩ የምለው ይህን ነው። መጀመሪያ ከሰዉ ጋር እጨዱ። አውሬው የሚቆጠረው ከዚያ በኋላ ነው።